አሮጌ የቡድሃ ቤተ መቅደስን ለመጪው ትውልድ ማደስ፦ ከጃፓን አናጢዎች የተቀዳ ዝርዝር መመሪያ

ጃፓን ውስጥ፣ ናራ ከተማ አጠገብ፣ ሆርዩጂ የሚባል የቡድሃ ገዳም አለ። ዋናው አዳራሹና ባለ አምስት ደርቡ ግንብ በዓለም ላይ እስካሁን ከቆሙት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ የቆዩ ናቸው። የግንቡ መካከለኛ ምሰሶ የተቆረጠው በ594 እንደሆነ በእንጨቱ ቀለበት ታውቋል። ጃፓን ደግሞ ዝናብ የሚበዛበት፣ ምስጥ የማይጠፋበት፣ መሬቱ በየጊዜው የሚንቀጠቀጥበት አገር ነው። እንጨት እዚያ ይህን ያህል ዘመን የቆየው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ ሰው እየመጣ ፈትቶ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ ደህናውን መልሶ ስለገጠመው ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን እስከ ርክክብ ድረስ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። አንድ አሮጌ የእንጨት ቤተ መቅደስ ኃላፊነቱ እናንተ ላይ ወደቀ እንበል። ከየት ትጀምራላችሁ? ምን ትነካላችሁ? ምንስ አትነኩም?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጥሩ እድሳት ማለት አዲስ ያስመሰለ አይደለም። ከ300 ዓመት በኋላ የሚመጣው አናጢ ያለ ችግር ፈትቶ፣ እናንተ ምን እንደሠራችሁና ለምን እንደሠራችሁ ማንበብ የሚችልበት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቶቹን አነጋግሩ

ቤተ መቅደሱ የሚጸለይበት ቤት ነው። አለቃ መነኩሴ አለው። ለትውልድ የተቆራኙት ምዕመናንም አሉት፤ ዳንካ ይባላሉ። የአያቶቻቸው መቃብር እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እነሱ ያልተስማሙበት እድሳት የትም አይደርስም። የገጠር መንደሮች ሰው እየራቃቸው ስለሆነ፣ ዛሬ ብዙ ቤተ መቅደሶች ነዋሪ መነኩሴ የላቸውም፤ አንዱ መነኩሴ ሁለት ሦስቱን ደርቦ ይይዛል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከእድሳቱ በኋላ ቁልፉን ማን ይይዛል የሚለው ነው። በሩን በየቀኑ የሚከፍትለት የሌለው ቤት የቱንም ያህል ቢታደስ ይበሰብሳል።

ቀጥሎ የሕጉ ነገር አለ። ጃፓን የጥንት ቤተ መቅደሶችን የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1897 ነው። አሁን የሚሠራበት የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የ1950 ነው። ሕንፃው ብሔራዊ ሀብት ወይም ጠቃሚ የባህል ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ያለበትን ሁኔታ የሚቀይር ማንኛውም ሥራ የመንግሥት ፈቃድ ይፈልጋል። ሥራውንም በቅርስ ጥገና የሠለጠነ አርክቴክት ይመራዋል። ካልተመዘገበ ወደ ከተማው ወይም ወደ ቀበሌው የትምህርት ቦርድ ሂዱና የቅርስ ክፍሉን አነጋግሩ። አንዳንዴ የመመዝገቡ ሂደት ራሱ የገንዘብ ድጋፍ በር ይከፍታል።

ሐውልቶቹን ማንሳት ለብቻው ሥርዓት አለው። ቡድሃው ከመቀመጫው ከመንቀሳቀሱ በፊት መነኩሴው መንፈሱን የሚሸኝ ጸሎት ያደርሳል። ሥራው አልቆ ሐውልቱ ሲመለስ ደግሞ ዓይን የመክፈት ሥርዓት ይፈጸማል። ይህን የሥራ መርሐ ግብሩ ውስጥ ቀን ቆርጣችሁ አስገቡት። ዕቃ አጓጓዡ ሰኞ ጠዋት ቆሞ እየጠበቀ መነኩሴ ፍለጋ መሮጥ አሳፋሪ ነው።

2. ሁሉንም ነገር መዝግቡ

ምንም ሳይፈታ ሕንፃው ይለካል፣ ይሣላል፣ ፎቶ ይነሳል። ዛሬ ሌዘር ስካነር አለ፤ ተጠቀሙበት። ግን እርሳስና ሜትር አይቀሩም። ስካነሩ ምሰሶው ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳዘመመ ይነግራችኋል። ለምን እንዳዘመመ የሚገባችሁ ግን ከሥሩ ተንበርክካችሁ ስታዩ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይሰጠዋል። ከየትኛው ረድፍ፣ ከየትኛው ወገን፣ ስንተኛው እንደሆነ በትንሽ ሳንቃ ላይ ተጽፎ ይታሰርበታል። የድሮ አናጢዎችም ይህንኑ አድርገዋል። መጋጠሚያው ውስጥ፣ ብርሃን በማይደርስበት ፊት ላይ፣ በቀለም የጻፉትን ቁጥር ታገኛላችሁ። የእነሱን አትሰርዙ። የእናንተን ከጎኑ አድርጉ።

ጣሪያው ውስጥ ግቡና ሙናፉዳ የሚባለውን ሳንቃ ፈልጉ። ጣሪያው የቆመበት ቀን፣ የአናጢው ስም፣ የለጋሹ ስም የሚጻፍበት ነው። ብዙ ጊዜ ጥቀርሻ ለብሶ ከጣሪያው አናት ሥር ተቸንክሮ ይገኛል።

እንጨቱ ራሱም ይናገራል። በድሮ ዘመን እንጨት የሚላገው ያሪጋና በሚባል፣ ጦር በሚመስል መላጊያ ነበር። እሱ ያለፈበት ፊት በጣት ሲዳሰስ ጥልቀት የሌላቸው ጎድጓዳ መስመሮች አሉት፤ እንደ ትንንሽ ማንኪያ እየተከታተሉ ይሄዳሉ። ዛሬ የምናውቀው ሣጥን መላጊያ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ፊቱን ድልድል አድርጎ ይተወዋል። የመጋዝ ጥርስ ምልክት ካለም እንጨቱ በስንጥቅ ሳይሆን በመጋዝ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ይህም ዘመኑን ያጠብላችኋል። የባትሪ መብራት በጎን አብርታችሁ ተመልከቱ። ከፊት ለፊት ካበራችሁ ምንም አይታይም።

የዛፍ ቀለበት ምርመራም አድርጉ። ከቻይና የመጣው መነኩሴ ጋንጂን ናራ ያለውን የቶሾዳይጂ ቤተ መቅደስ የመሠረተው በ759 ነው፤ ያረፈውም በ763 ነው። የዋናው አዳራሽ ጣሪያ ወራጆች ሲመረመሩ ግን እንጨቱ የተቆረጠው በ781 ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው አዳራሽ የተሠራው መሥራቹ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ የታወቀው ሕንፃው ከ2000 እስከ 2009 በቆየው ትልቅ ጥገና ተፈትቶ ስለነበረ ነው። ያልፈታችሁትን ቤት ታሪክ በሙሉ አታውቁትም። ፈትታችሁ ካልመዘገባችሁ ደግሞ ማንም ዳግም አያውቀውም።

3. ውሃውን ተከተሉ

እንጨት የሚገድለው ዕድሜ አይደለም፤ ውሃ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ፈንገስ አይዘውም። ስለዚህ ምርመራውን ከላይ ወደ ታች፣ የዝናቡን መንገድ እየተከተላችሁ አድርጉ። የትኛው ክዳን ተሰነጠቀ? ውሃው ከክዳኑ ሥር የት ያርፋል? ከጣሪያው ጫፍ የሚንጠባጠበው መሬት ሲመታ ወደ ምሰሶው ይረጫል ወይ? የግቢው መሬት ባለፉት ዘመናት ከፍ ብሎ የምሰሶዎቹን እግር ቀብሯል ወይ? የመጨረሻው ሳይታሰብ የሚያልፍ ነው። በየዓመቱ ቅጠልና አፈር ይደራረባል። ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ድሮ ከመሬት ከፍ ያለው የመሠረት ድንጋይ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ይገኛል።

እንጨቱን በትንሽ የእንጨት መዶሻ ኳ ኳ አድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው ድፍን ይላል። ምስጥ የበላው ደግሞ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ነው። በተለይ በስተሰሜን ያሉትን፣ ፀሐይ የማያገኙትን ምሰሶዎች እግር ደጋግማችሁ ፈትሹ። የውሃው ምንጭ ሳይዘጋ እንጨት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

4. ምን ያህል እንደሚፈታ ወስኑ

ሁሉም ቤት ሙሉ በሙሉ አይፈታም። በጃፓን የተለመደው ስሌት በግምት እንዲህ ነው፦ የዛፍ ቅርፊት ክዳን በየ30 እና 40 ዓመቱ ይቀየራል፣ የሸክላው መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፣ በየ150 እና 200 ዓመቱ ሕንፃው በከፊል ይፈታል፣ በየ300 እና 400 ዓመቱ ደግሞ እስከ መሠረቱ። የእኔ ምክር ትንሹን ሥራ እንድትመርጡ ነው። በክዳንና በውሃ መውረጃ የሚፈታ ችግር ካለ ምሰሶውን ለቀቅ አድርጉት። መጋጠሚያ በተፈታ ቁጥር ትንሽ ይላላል። ምሰሶዎቹ ሰምጠው፣ ወጋግራዎቹ ከጥርሳቸው ወጥተው ከሆነ ግን ግማሽ ሥራ አይጠቅምም።

5. ከላይ ጣሪያ ሥሩ፤ እሳትን አስቡ

ክዳን ከመነሳቱ በፊት በሕንፃው ላይ ሌላ ሕንፃ ይሠራል። ሱያኔ ይባላል፤ ቤተ መቅደሱን በሙሉ የሚውጥ ጊዜያዊ መጠለያ ነው። ውድ ነው። ብዙ ሰው በሸራ ልሸፍነው ይላል። አታድርጉት። አንድ የአውሎ ነፋስ ሌሊት የተከፈተ ጣሪያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የመቶ ዓመት ዝናብ ካደረሰው ይበልጣል። የአናጢዎቹ ቦታና የተፈቱት እንጨቶች መጋዘንም እዚያው ደረቅ ቦታ ላይ ይዘጋጃል።

አሁን ስለ እሳት። ጥገና ላይ ያለ ሕንፃ ከምንጊዜውም ይልቅ ለእሳት የተጋለጠ ነው። የፓሪሱ ኖትር ዳም በ2019 የተቃጠለው እድሳት ላይ እያለ ነበር። ሆርዩጂም ጥር 26 ቀን 1949 ዋናው አዳራሹ ጥገና ላይ ሳለ እሳት ተነሳበት። ሠዓሊዎች የግድግዳውን ሥዕሎች እየገለበጡ ነበር። በቡድሂዝም ዓለም ከታወቁት ሥዕሎች መካከል የነበሩት ትልልቆቹ 12 ሥዕሎች ከሰሉ፤ ቀለማቸው ጠፋ። የዳነውም ነገር ትምህርት ነው። የላይኛው ደርብ እንጨቶችና ጣሪያው ቀድሞ ተፈትቶ መጋዘን ገብቶ ነበር። ሐውልቶቹም ሌላ ቦታ ነበሩ። በራሪ መላእክት የተሣሉባቸው ትንንሾቹ ሳንቃዎችም ተነቅለው ስለነበር ተረፉ። የ1950ው ሕግ የወጣው በዚህ ድንጋጤ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ጥር 26 ቀን በመላ ጃፓን በቤተ መቅደሶች የእሳት ልምምድ ይደረጋል።

ስለዚህ በግቢው ሲጋራ የለም። ብየዳ የለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የለም። ማታ ሥራ ሲያልቅ ዋናው የመብራት ቆጣሪ ይጠፋል፤ ያጠፋውም ሰው ይፈርማል። የተላገ ፍቅፋቂ እዚያው አያድርም።

6. መፍታት

ቤቱ የሚፈታው ከተሠራበት ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነው። ክዳን፣ ወራጅ፣ የጣሪያውን ጫፍ የተሸከሙት ተደራራቢ ክንዶች፣ ወጋግራ፣ በመጨረሻ ምሰሶ። ችኮላ የለም።

የሸክላው ክዳን አንድ በአንድ ይነሳል። እያንዳንዱን በጣታችሁ አንጓ ቆርቁሩት። ጭል የሚለው ደህና ነው፤ ይመለሳል። ድፍን የሚለው ተሰንጥቋል። አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉ። ናራ ያለው የጋንጎጂ ቤተ መቅደስ ጣሪያ ላይ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሱካ ቤተ መቅደስ የመጡ ሸክላዎች አሁንም ዝናብ እየመለሱ ነው። ስትመልሷቸው አሮጌዎቹን በአንድ ወገን ሰብስቡ፣ አዲሶቹን በሌላው። በየመሃሉ ከተቀላቀሉ አንድ ሸክላ በተሰበረ ቁጥር የትኛው ከየት እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ምስማሮቹም ይቆጠራሉ። በእጅ የተቀጠቀጡት፣ ባለ አራት ማዕዘኖቹ፣ የፋብሪካ ምስማር ከሚቆየው በላይ ይቆያሉ። ቀና ተደርገው ተመልሰው ይገባሉ። የጎደለውን አንጥረኛ በዚያው መልክ ይቀጠቅጣል።

7. እንጨቱን አድኑ

የሥራው ልብ ይህ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ሕጉ ቀላል ነው፦ የበሰበሰውን ብቻ ቁረጡ። አንድ ምሰሶ እግሩ ስለበሰበሰ ብቻ ሙሉው አይጣልም። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ሸክም በክሪክ ደግፉ። ከዚያ ብስባሱ ካለቀበት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡና አዲስ እግር ቀጥሉለት። ለዚህ ካናዋ የሚባለው መጋጠሚያ ይመረጣል። የአሮጌው ጫፍና የአዲሱ ጫፍ ልክ አንድ ዓይነት ሆነው ይጠረባሉ። በጎን ገብተው ይተቃቀፋሉ። መሃል ላይ ባለ አራት ማዕዘን ትንሽ ቀዳዳ ትቀራለች። እዚያ ውስጥ ጠንካራ ሽብልቅ ይመታል። ሽብልቁ በገባ ቁጥር ሁለቱ እንጨቶች ወደየጥርሳቸው እየተገፉ ይጠብቃሉ። ሙጫ የለም፣ ብሎን የለም። ከ200 ዓመት በኋላ ሽብልቁን መትተው ካወጡት እግሩ ብቻውን ይለቃል። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ለማላውቀው አናጢ የተተወ በር ይመስለኛል።

ትንሽ ጉዳት ከሆነ የተበላው ቦታ በንጹሕ ቅርጽ ይጠረብና በልኩ የተሠራ እንጨት ይገባበታል። ሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ የሚጠነክር ሙጫ፣ አንዳንድ ቦታ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ሥዕል ያለበት ወይም የተቀረጸ እንጨት ውስጡ ባዶ ሲሆን ሌላ ምርጫ የለም። ግን ሬዚን ወደ ኋላ አይመለስም። በመሮ መሥራት የሚቻለውን በባልዲ አታድርጉት።

አዲሱ እንጨት ዓይነቱ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። የናራ ቤተ መቅደሶች የሂኖኪ ናቸው። ሂኖኪ ከእኛ አገር ጽድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ነው፤ ሽታውም እንደ ጽድ ነፍስ ያድሳል። ሺህ ዓመት የቆየው ሂኖኪ ፊቱ ሲላግ እንደገና ይሸታል። ዓይነት ብቻ ግን አይበቃም። የቀለበቱ ጥበት፣ የጅማቱ አቅጣጫ፣ የደረቅነቱ መጠንም መመሳሰል አለበት። እርጥብ እንጨት ከደረቅ ጋር ከገጠማችሁ እርጥቡ ሲደርቅ ይሸሻል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል።

እዚህ ላይ ጹነካዙ ኒሺኦካን ሳላነሳ አላልፍም። ከ1908 እስከ 1995 የኖረ የሆርዩጂ አለቃ አናጢ ነው። አያቱም አባቱም የዚያው ገዳም አናጢዎች ነበሩ። አያቱ የልጅ ልጃቸውን የላኩት የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። አፈር ያላወቀ ዛፍ አያውቅም፣ ዛፍ ያላወቀ አናጢ አይሆንም ባይ ነበሩ። የእነሱ ቤተሰብ በቃል ያስተላለፈው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል። ዛፍ ሳይሆን ተራራ ግዙ ይላል። አንድ ተራራ ላይ የበቀሉ ዛፎች አንዱ የደቡብ፣ አንዱ የሰሜን፣ አንዱ የገደሉ፣ አንዱ የሜዳው ናቸው። እንጨቱን በበቀለበት አቅጣጫ አቁሙት ይላል። በደቡብ የበቀለው በደቡብ ይቁም፣ ሥሩም ታች ይሁን። ደግሞ ቤቱን በልክ ብቻ ሳይሆን በእንጨቱ ጠባይ ግጠሙ ይላል። ወደ ግራ የሚጠመዘዝ እንጨት አለ፣ ወደ ቀኝ የሚጠመዘዝም አለ። ተቃራኒዎቹን ካገናኛችኋቸው እየተሳሳቡ ቤቱን ያጠብቁታል። ተመሳሳዮቹን ብትደረድሩ ሙሉው ቤት ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ኒሺኦካ የጠፋውን ያሪጋና መላጊያም ከአሮጌ ምልክቶች ተነስቶ ዳግም ወደ ሥራ መልሶታል።

አዲስ የገባው እንጨት ምልክት ይደረግበታል። በተሰወረው ፊቱ ላይ የጥገናው ዓመት በጋለ ብረት ይታተማል። ይህን ፈጽሞ አትዝለሉ። ከውጭ የሚታየው ፊት ደግሞ ቀለል ያለ የአሮጌ መልክ ይቀባል። ከሩቅ ዓይን አይወጋም፤ ቀርቦ ያየ ግን ይለየዋል።

8. መሬቱና መንቀጥቀጡ

ሕንፃው ሲነሳ ከሥሩ ያለው መሬት ነፃ ይሆናል። የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች እንዲቆፍሩ ጊዜ ስጧቸው፤ ይህ ዕድል በብዙ መቶ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ምሰሶው በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ የሚቆም ከሆነ ድንጋዩን አታስተካክሉ። የምሰሶው እግር ነው የድንጋዩን ጎርበጥባጣ ቅርጽ ይዞ የሚጠረበው። ይሠራል፣ ይሞከራል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይጠረባል። በደንብ ሲገጥም ወረቀት አያስገባም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ምሰሶው ድንጋዩ ላይ ትንሽ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰበርም። በምሰሶዎቹ መሃል የሚያልፉት አግዳሚ ማያያዣዎችና የጣሪያው ክንዶችም እየተፋተጉ የመንቀጥቀጡን ጉልበት ይበላሉ።

ይህ ብቻ ግን ሁልጊዜ አይበቃም። ኖቶ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለው የሶጂጂ ሶይን ቤተ መቅደስ በ2007 መሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድቶ እድሳቱ ያለቀው በ2021 ነበር። በ2024 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት እንደገና መታው። ስለዚህ መሐንዲስ አማክሩ። ብረት የሚጨመር ከሆነ በተሰወረ ቦታ ይሁን፣ አሮጌውን እንጨት ሳይበሳ ይታሰር፣ ሲፈለግ የሚነቀል ይሁን።

9. ግድግዳ

ይህን ኢትዮጵያዊ አናጢና መራጊ ለማንም ሊያስተምር ይችላል። ቀርከሃ ተሰንጥቆ በገመድ ይታሰራል። ጭቃ ከሩዝ ጭድ ጋር ይቦካል፤ ለወራት ተቀምጦ ጭዱ እስኪበሰብስ ይቆያል። ሽታው ሲከፋ ጥሩ ነው። የድሮው ግድግዳ ጭቃ አይጣልም። ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ከአዲሱ ጋር ተመልሶ ይቦካል። የመጀመሪያው ምርጊት ሙሉ በሙሉ ደርቆ ሳይሰነጣጠቅ ሁለተኛው አይጨመርም። መጨረሻ ላይ የኖራ ልስን ይመጣል። ሲሚንቶ አትንኩ። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱ ላይ ያስቀረዋል።

10. ክዳን

የሸክላውን ከላይ አይተናል። የሂኖኪ ቅርፊት ክዳን ግን ለብቻው ዓለም ነው። ቅርፊቱ የሚላጠው ከቆመ፣ ሕይወት ካለው ዛፍ ላይ ነው። ዛፉ ቢያንስ 70 እና 80 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ላጩ በገመድ እየተንጠለጠለ፣ በእንጨት ማንኪያ፣ የውስጡን ስስ ሕያው ልባስ ሳይነካ ውጪውን ብቻ ያነሳል። ዛፉ አይሞትም። ከ8 እና 10 ዓመት በኋላ ያው ዛፍ ይበልጥ ጥሩ ቅርፊት ይሰጣል።

ክዳን ሠሪው የቀርከሃ ምስማሮችን አፉ ውስጥ ይይዛል። በምላሱ እያዞረ አንድ አንድ ወደ ከንፈሩ ያመጣል፣ በመዶሻው ተቀብሎ ይመታል። ግራ እጁ ቅርፊቱን እንደያዘ ነው፤ ፈጽሞ አይለቅም። የቅርፊቱ ንጣፍ በጣት ውፍረት ያህል እየተሸሸ ስለሚደራረብ በጣም ብዙ ምስማር ይገባል። በ2020 ዩኔስኮ ይህን ጨምሮ የጃፓንን የእንጨት ሕንፃ ጥበቃ 17 ሙያዎች በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። እናንተ ግን መዝገቡን ሳይሆን ሰውየውን ፈልጉ። ክዳን ሠሪ ሲቀጠር ተለማማጅ ይዞ እንዲመጣ ውሉ ላይ ይጻፍ። የተለማማጁም ደመወዝ በበጀቱ ይግባ።

11. ሥዕልና ቀለም

የደበዘዘ ሥዕል አይደገምም። የሚላላጠው ቀለም ይጣበቃል፣ አቧራው ይነሳል፣ ፎቶና ግልባጭ ይሠራለታል፤ እዚያ ላይ ይቆማል። ውጪው ላይ ያለ፣ እንጨቱን ከዝናብ የሚጠብቅ ቀለም ግን ሌላ ነው፤ እሱ በየጊዜው መታደስ አለበት። ኡሩሺ የሚባለውን ከዛፍ የሚወጣ የሚያብረቀርቅ ቅብ ከተጠቀማችሁ ከአገር ውስጥ የመጣውን ምረጡ። የጃፓን መንግሥትም ለብሔራዊ ሀብቶችና ለጠቃሚ ቅርሶች ጥገና ይህንኑ መመሪያ አድርጎታል። ያለዚያ ዛፉን የሚያለሙት ገበሬዎች ሥራውን ይተዉታል።

አንዳንድ ክፍል ዳግም ወደ ውጭ መውጣት የማይችል ሆኖ ይገኛል። ከ2009 እስከ 2020 የታደሰው፣ ናራ ያለው የያኩሺጂ ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ ግንብ በ730 የተሠራ ነው። ጫፉ ላይ ያለው፣ የሚበሩ ሰማያውያን የተቀረጹበት የነሐስ ጌጥ በጣም ደክሞ ነበር። በዚያው መልክ አዲስ ተቀልጦ ተሰቀለ። ዋናው ወርዶ ሰው በቅርብ እንዲያየው ሆነ። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

12. ገንዘብ

ለተመዘገበ ቅርስ የጃፓን መንግሥት ከወጪው ግማሹንና ከዚያ በላይ ይሸፍናል። የቀረው ከምዕመኑ ነው። ጥሩ ምሳሌ ያኩሺጂ ነው። በ1968 አለቃው ኮይን ታካዳ ለዋናው አዳራሽ ከባለሀብት መለመን ትተው ሕዝቡን ጠየቁ። አንድ ሰው አንድ ቅዱስ ጽሑፍ በእጁ ገልብጦ ከ1,000 የን ጋር ይሰጣል፤ ግቡ አንድ ሚሊዮን ቅጂ። አዳራሹ በ1976 ቆመ። ዛሬም በብዙ ቤተ መቅደሶች ጎብኚ የክዳን ሸክላ ገዝቶ ከጀርባው ስሙን ይጽፋል፣ ሸክላው ጣሪያ ላይ ይወጣል። ከበጀቱ ላይ ለማያቋርጥ ዓመታዊ እንክብካቤ የሚሆን አንሱና አስቀምጡ፤ ለጋሽ ለቧንቧ መጥረጊያ ገንዘብ አይሰጥም።

13. ከርክክብ በኋላ

አዲስ ሙናፉዳ ተጽፎ ጣሪያው ውስጥ ይሰቀላል። የአናጢዎቹ ስም በሙሉ ይግባበት። ከዚያ ዝርዝር ዘገባ ይታተማል፤ ንድፍ፣ ፎቶ፣ የተቀየሩት እንጨቶች ዝርዝር፣ ወጪ፣ ያልተፈቱ ጥያቄዎች ጭምር። በወረቀት ይታተም፤ ከአንድ በላይ ቤተ መጻሕፍትም ይቀመጥ።

ለመነኩሴው የአንድ ገጽ የእንክብካቤ ዝርዝር ስጡ። ከእያንዳንዱ አውሎ ነፋስ በኋላ ቅጠሉን ጥረጉ። በደረቅ ቀን በሮቹን ሁሉ ክፈቱ። በዝናብ ቀን ባትሪ ይዛችሁ ጣሪያው ውስጥ ግቡ፤ ፍሳሽ የሚገኘው በዝናብ ቀን ነው። በጸደይ የምሰሶዎቹን እግር ለምስጥ ፈትሹ። ጥር 26 ቀን የእሳት ማጥፊያውን ውሃ ልቀቁት።

የመጨረሻው ሥራ ዛፍ መትከል ነው። የያኩሺጂ ዋና አዳራሽ ዳግም ሲታነጽ የሚበቃ ሂኖኪ ጃፓን ውስጥ ስላልተገኘ የመጣው ከታይዋን ነው። በዚያ መጠን የሚገኝ ዛፍ አሁን ከየትም በቀላሉ አይመጣም። ኪዮቶ ያለው የኪዮሚዙዴራ ቤተ መቅደስ ለመጪዎቹ ምሰሶዎቹ ተራራ ላይ ዛፍ ተክሏል። የጎጃምና የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ደን እንደሚጠብቁ ሁሉ፣ ቤተ መቅደሱም የራሱ ተራራ ይኑረው። ችግኞቹን ጠጋ ጠጋ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ተጨናንቆ ያደገ ሂኖኪ ቀጥ ይላል፣ ቀለበቱም ይጠባል። በየጊዜው አሳሱ፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ ቁረጡ። የትኛው ወገን ደቡብ፣ የትኛው ሰሜን እንደሆነ ካርታው ላይ ጻፉና ካርታውን ከዘገባው ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።